ጥያቄና መልስ፦ ጀርም በሌለበት፣ ገና በሚያድግ ሬቲና ውስጥ የበሽታ መከላከያ ሞለኪውሎች ምን ይሠራሉ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አባላት። በባዮሜዲካል ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን በሚቀጥለው ሳምንት በትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሴሚናር አለኝ። ርእሱ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ሞለኪውሎች በሬቲና (በዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) እድገት ላይ ያላቸው ድርሻ ነው። ረቂቁን ያዩልኝ አማካሪዬ ሁለት ቦታ ላይ አስምረውበት መልሰውልኛል። አንደኛው «ሲ1ኪው የተባለው ፕሮቲን በአይጥ ግልገል ሬቲና ውስጥ የሚመረተው ዓይንን ከጀርም ለመጠበቅ ነው» ያልኩበት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ተደራርቦ ከሚታይበት ምስል ሥር «የሬቲና ቁራጭ» ብዬ የጻፍኩት መግለጫ ነው። እንደገና እንዳነብ ከማዘዝ በቀር ምክንያቱን አልነገሩኝም። ሲ1ኪው ባክቴሪያ ላይ ስለሚሠራው ሥራ በደንብ ተምሬአለሁ፤ ጀርም በሌለበት ጤናማ ዓይን ውስጥ ምን እንደሚፈይድ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ይህ ፕሮቲን የሌላት አይጥስ ዓይነ ስውር ትሆናለች?

የነርቭ ሳይንስ አጥኚ፦
እህቴ፣ አማካሪሽ ያሰመሩበት ዓረፍተ ነገር ብዙዎቻችን መጀመሪያ ላይ የምንስተው ነው፤ ምክንያቱም የሞለኪውሉን ሥራ የምንገምተው መጀመሪያ ከታወቀበት ቦታ ተነሥተን ስለሆነ ነው። ሲ1ኪው በደም ውስጥ ኮምፕሊመንት የሚባለው የፕሮቲኖች ሰንሰለት መነሻ ነው። ባክቴሪያው ላይ ሲያርፍ ሰንሰለቱ ይቀጥልና ሲ3 የተባለው ፕሮቲን ገላው ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያም የሲ3ን ምልክት የሚያነብ ተቀባይ ያላቸው ዋጭ ሕዋሳት መጥተው ይውጡታል። በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ የባክቴሪያውን ሽፋን የሚበሳ ክፍልም አለ። በሚያድገው የእይታ ሥርዓት ውስጥ ለሥራ የዋለው ግን ምልክት የማድረጉና የማስዋጡ ክፍል ነው። የሚለጠፍበትም ባክቴሪያ ሳይሆን ትርፍ ሲናፕስ፣ ማለትም ሁለት የነርቭ ሕዋሳት የሚገናኙበት ትርፍ ነጥብ ነው።

ትርፍ ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳ። ምልክትን ከሬቲና ወደ አንጎል የሚያደርሱት የሬቲና ጋንግሊዮን ሕዋሳት ዘንጎቻቸውን (ምልክት የሚጓዝባቸውን ረጃጅም ክሮች) በእይታ ነርቭ በኩል በአንጎል ውስጥ ወዳለው ታላመስ ይልካሉ፤ እዚያም ጄኒኩሌት በተባለው ክፍል ካሉ ሕዋሳት ጋር ይገናኛሉ። በአይጥ ግልገል አንዱ የታላመስ ሕዋስ ከ20 በላይ ከሆኑ የሬቲና ሕዋሳት ደካማ ግንኙነት እንደሚቀበል፣ ሲያድግ ግን ከ1 እስከ 3 የሚሆኑ ጠንካራ ግንኙነቶች ብቻ እንደሚቀሩለት በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመ የኤሌክትሪክ ልኬት አሳይቷል። የሁለቱ ዓይኖች ዘንጎችም መጀመሪያ ተደባልቀው ይቆዩና ቀስ በቀስ የየራሳቸውን ስፍራ ይይዛሉ። በ2007 የነርቭ ሳይንቲስቱ የቤን ባረስ ቤተ ሙከራ ባልደረቦች ሲ1ኪው ወይም ሲ3 የሌላቸውን አይጦች ሲመረምሩ ይህ መለያየት ጎድሎ አገኙት፤ ሲ1ኪው የሌላቸው አይጦች የታላመስ ሕዋሳትም አንድ ወር ገደማ ከሆናቸው በኋላ እንኳ ከሚገባው በላይ ግብአት ይቀበሉ ነበር።

ስለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄሽ መልሱ «አትታወርም» ነው። ሬቲናዋ ይሠራል፣ የእይታ ነርቯም አለ፤ የጎደለው የግንኙነቱ ጥራት ነው። ይህን ለይተሽ ካልተናገርሽ አድማጭ የተሳሳተ ሥዕል ይዞ ይወጣል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ስለ ምስሉ እኔ ልመልስ፤ እንዲህ ያለውን ቁራጭ በገዛ እጄ ስለማዘጋጅ ስሕተቱ የት እንደተፈጠረ ይገባኛል። ቀለሙ የሚወጋው ዓይን ውስጥ ነው። ከኮሌራ መርዝ የተወሰደና በራሱ ጉዳት የማያደርስ ቢ የተባለው ክፍል ከሚያበራ ቀለም ጋር ተጣብቆ ለአንዱ ዓይን ቀይ፣ ለሌላው አረንጓዴ ሆኖ ይሰጣል። የሬቲና ሕዋሳት ይህን ተቀብለው በዘንጋቸው እስከ አንጎል ድረስ ይወስዱታል። በማግስቱ የሚቆረጠው ግን አንጎሉ ነው። የምታይው ቀይና አረንጓዴ እንግዲህ በታላመስ ውስጥ ያረፉ የሬቲና ዘንጎች ጫፎች ናቸው፤ ሁለቱ የተደራረቡበት ቢጫ ደግሞ ገና ያልተለያየው ክፍል ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ምስሎቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ዕድሜያቸው አንድ መሆኑን አረጋግጪ። ጤናማ አይጥም ቢሆን በአምስተኛው ቀን ሰፊ መደራረብ ይታይባታል፤ በአሥረኛው ቀን ግን አብዛኛው ተለያይቷል። የአምስት ቀን ሙታንትን (ጂኗ የጎደለባትን አይጥ) ከአሥር ቀን ጤናማ ጋር ያነጻጸረ ሰው የዕድሜን ልዩነት የጂን ልዩነት አድርጎ ያቀርባል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ አሁን ብዙው ነገር ገባኝ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ። የአይጥ ዓይን የሚከፈተው ከተወለደች ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናት ከሆነ፣ ገና ብርሃን ያላየ ዓይን የትኛው ሲናፕስ ትርፍ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሲ1ኪውንስ አምርቱ ብሎ የሬቲና ሕዋሳትን የሚያዝዘው ማን ነው?

የነርቭ ሳይንስ አጥኚ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሴሚናርሽ ማረፍ ያለበት እዚህ ይመስለኛል። ዓይን ከመከፈቱ በፊት የሬቲና ጋንግሊዮን ሕዋሳት ብርሃን ሳይነካቸው በራሳቸው የኤሌክትሪክ ምልክት በማዕበል መልክ ይተኩሳሉ። ጎረቤታሞች አብረው ሲተኩሱ የሁለቱ ዓይኖች ማዕበል ግን ስለማይገጣጠም አንጎል የማን የማን እንደሆነ የሚለይበት መሠረት ያገኛል። በ2012 የታተመ ጥናት የአንዱን ዓይን እንቅስቃሴ ቴትሮዶቶክሲን በተባለው መርዝ አፈነ፤ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ዋጭ ሕዋሳትም ከታፈነው ዓይን የመጡትን ጫፎች አብልጠው ሲውጡ ተገኙ። የሲ3 ተቀባይ የሆነው ሲአር3 ሲጎድል መዋጡ ይቀንሳል።

አዛዡን በተመለከተ በ2013 የወጣው መልስ የሚያረካ ነው። በሬቲና ውስጥ ያሉት አስትሮሳይቶች (የነርቭ ሕዋሳት ደጋፊ የሆኑ ሕዋሳት) ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለውን ሳይቶካይን፣ ማለትም ከሕዋስ ወደ ሕዋስ መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ጋንግሊዮን ሕዋሳቱ የዚህን ተቀባይ ሲያጡ ሲ1ኪው ይቀንሳል፣ በታላመስ ያለው መለያየትም ይጓደላል። ትእዛዙ ሬቲና ውስጥ ተሰጥቶ ውጤቱ ታላመስ ላይ ይታያል ማለት ነው። በእኔ እይታ ከጠቅላላው ታሪክ ይህን ያህል የሚያስደንቅ የለም።

መምህር፦
ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ ሆኖም ለርእስሽ እጅግ የሚጠቅም አንድ ክፍል ቀርቷል። ነገሩ ከኮምፕሊመንት በፊት የተጀመረ ነው። በ1998 የነርቭ ሳይንቲስቷ የካርላ ሻትዝ ቤተ ሙከራ የነርቭ እንቅስቃሴ ሲታፈን በድመት ጽንስ የእይታ ሥርዓት ውስጥ የትኞቹ ጂኖች እንደሚለወጡ ሲፈልግ ያላሰበውን አገኘ፤ ጂኖቹ ኤምኤችሲ ክፍል 1 የሚባሉት፣ ቲ ሕዋስ ለተባለው የመከላከያ ሕዋስ የቫይረስን ምልክት የሚያሳዩት ነበሩ። በ2000 ደግሞ እነዚህ በአግባቡ የማይሠሩባቸው አይጦችና ከተቀባያቸው አንዱ አካል የሆነው ሲዲ3 ዜታ የሌላቸው አይጦች የሁለቱን ዓይኖች ዘንጎች በሚገባ እንደማይለዩ ታየ።

ያን ጊዜ ብዙዎች ጉድለቱ ከሬቲና ውጭ የሚነሣ አድርገው ገመቱ። በ2010 የታተመው ሥራ ግን ሲዲ3 ዜታ በጋንግሊዮን ሕዋሳት ራሳቸው ውስጥ እንደሚገኝ አሳየ። እርሱ ሲጎድል ምልክት የሚቀበሉባቸው ቅርንጫፎቻቸው መወዛወዝ ይቀንሳሉ፣ ብዛታቸው ግን ከሚገባው በላይ ይሆናል፤ ሬቲና ውስጥ ግሉታሜት በተባለው ኬሚካላዊ መልእክተኛ የሚተላለፈው ምልክትም ይዛባል። አማካሪሽ «የሬቲና እድገት ካልሽ የሬቲናው የት አለ?» ብለው ቢጠይቁሽ የምታቀርቢው ይህን ነው።

ማይክሮግሊያን ብቸኛ ዋጭ አድርገሽም አታቅርቢ። አስትሮሳይቶችም ኤምኢጂኤፍ10 እና ኤምኢአርቲኬ በተባሉ ተቀባዮች ሲናፕስ እንደሚውጡ በ2013 ታይቷል።

የዓይን ሐኪም፦
በአጭሩ ልጨምር። አድማጮችሽ ስለ ሰው በሽታ መጠየቃቸው አይቀርም። የ2007ቱ ጥናት ራሱ ግላኮማ (የእይታ ነርቭን የሚጎዳ የዓይን በሽታ) ባለባቸው አይጦች ሬቲና ውስጥ ሲ1ኪው ገና በመጀመሪያው ደረጃ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ በግልገልነት የሠራው መንገድ በበሽታ ጊዜ ዳግም ይነሣል የሚለው ሐሳብ ከዚያ የመነጨ ነው። ይህን ማንሣት ይገባል። የአይጥን ውጤት ይዘሽ ግን ለሕፃን ዓይን ሕክምና ምክር ወደ መስጠት አትሻገሪ፤ ወላጅ ሰምቶ መድኃኒት እስከማቋረጥ ሊደርስ ይችላል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «ሲ1ኪው በሬቲና ጋንግሊዮን ሕዋሳት የሚመረተው ከአስትሮሳይት በሚመጣ ቲጂኤፍ-ቤታ ትእዛዝ ሲሆን፣ በታላመስ ያሉ ትርፍ ሲናፕሶች ላይ ምልክት በማድረግ እንዲወገዱ ይረዳል።» የምስሉም መግለጫ «የታላመስ ቁራጭ፣ አሥረኛ ቀን» ሆኗል። ለድርጊቱ «የሲናፕስ ምልመላ» የሚለውን ቃል ብጠቀም ያስኬዳል?

መምህር፦
ዓረፍተ ነገሩ ተስተካክሏል። «ምልመላ» ቅርንጫፍ መልማይ ገበሬ ሲሰማው ደስ የሚል ቃል ነው፤ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ግን ሰው መምረጥ ወይም ወታደር መመልመል መስሎ ሊሰማ ይችላልና «ትርፍ ሲናፕስን ማስወገድ» ብትይ ማንም አይሳሳትም።