ጃፓንን ለኦሊምፒክ ያበቃው አሰልጣኝ ጃፓንን ሲረታ፦ ክህደት ነው ወይስ ሙያ?

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ ጎንደሮች! የእጅ ኳሱ ሙግት ስለበረታ ለብቻው ይከፈትልን ብላችኋል፤ ይኸው። ላልሰማ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ዳጉር ሲጉርድሶን አይስላንዳዊ አሰልጣኝ ነው። በ2017 የጃፓንን የወንዶች ብሔራዊ ቡድን ያዘ። በ2023 ዶሃ ላይ በተካሄደው የእስያ ማጣሪያ ቡድኑን ለፓሪስ ኦሊምፒክ አሳለፈ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ግን ለቀቀና ክሮኤሺያን ተረከበ። ፓሪስ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ማን ከማን ሆነ? ክሮኤሺያ ከጃፓን። ክሮኤሺያ 30 ለ 29 አሸነፈች። ጥያቄው ይሄ ነው፦ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ እንዲህ ከአገር አገር ቢዞር ነውር አለው? ለኛስ እጅ ኳስ የሚበጀው የውጭ ሰው ነው ወይስ የአገር ልጅ? ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ስድብ የለም።

የአዘዞ ልጅ፦ እኔ አልለባብስም። ክህደት ነው። ሰውየው ጃፓን ቤት ሰባት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። እንጀራቸውን በልቷል። ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ያውቃል። ማን ሲጨንቀው በየት በኩል እንደሚወረውር፣ በረኛው ቀድሞ ወዴት እንደሚያደላ። ይህን ሁሉ ይዞ ኦሊምፒኩ ወራት ሲቀሩት ሄደ። እኛ ሰፈር ይሄ በልቶ ካጅ ነው የሚባለው።

በረኛዋ፦ አንተ ደግሞ! ምስጢር ይዞ ሄደ ካልክ ውጤቱን እየው እንጂ። ያን ሁሉ እያወቀ በአንዲት ጎል ነው ያመለጠው። ልጆቹን እንዴት አድርጎ ቢሰራቸው ነው? በቶኪዮው ኦሊምፒክም በእሱ ጊዜ ጃፓን ፖርቹጋልን 31 ለ 30 አሸንፋለች። ጥሏቸው ሄደ ትላለህ፤ እኔ ደግሞ ሰርቶ ሰጣቸው እላለሁ።

የአዘዞ ልጅ፦ ቆይ፣ ሌላም አለልሽ። በጥር 2025 የዓለም ሻምፒዮና ክሮኤሺያ ዛግሬብ ላይ አይስላንድን 32 ለ 26 ረታች። የገዛ አገሩን! አይስላንድ፣ ክሮኤሺያና ግብጽ እኩል 8 ነጥብ ነበራቸው። ሦስቱ እርስ በርስ ባደረጓቸው ጨዋታዎች የጎል ልዩነት የቀረችው አይስላንድ ናት። ከዚያ በኋላ ለገና ቤቱ ሲሄድ ምን ብሎ ይገባል?

ሂሳብ ሹሙ፦ ገና ሳይሆን ውሉን ነው የሚያየው። ክሮኤሺያ እኮ እስከ ፍጻሜ ደርሳ በዴንማርክ 32 ለ 26 ነው የተሸነፈችው። የብር ሜዳሊያ ይዞ የገባ ሰው ማን ምን ይለዋል?

ጋሽ መምህር፦ ልጆቼ፣ የሰውየውን መንገድ ከሥሩ ሳታዩ አትፍረዱ። ዳጉር ጃፓንን ያወቀው በ2017 አይደለም። ገና ተጫዋች እያለ ከ2000 እስከ 2003 ሂሮሺማ ለሚገኝ ክለብ ተጫውቷል። ከዚያ ኦስትሪያ ሄዶ ብሬገንዝ የሚባል ክለብ ገባ። እዚያ መጫወቱንም ማሰልጠኑንም አንድ ላይ ያዘው። ቀጥሎ የኦስትሪያን ብሔራዊ ቡድን፣ ከዚያ የበርሊኑን ክለብ ፉክሰን፣ በ2014 ደግሞ ጀርመንን። ጀርመን የእጅ ኳስ አገር ናት። ሰው ጠፍቶባት አይደለም ከአይስላንድ የጠራችው።

የ2016ቱን የአውሮፓ ሻምፒዮና ደግሞ ሳነሳው አልሰለችም። አምበሉ ኡቬ ጌንስሃይመር በጉዳት አልመጣም። ውድድሩ መሃል ላይ ሌሎች ሁለት ተጎዱ። ዳጉር መጀመሪያ ያልተመረጠውን ካይ ሄፍነርን አስጠራ። ያ ልጅ ከኖርዌይ ጋር በነበረው ጨዋታ በተጨማሪ ሰዓት፣ ሰከንዶች ሲቀሩ አገባና 34 ለ 33 አለፉ። በፍጻሜው ስፔንን 24 ለ 17። በ60 ደቂቃ ስፔንን የሚያህል ቡድን 17 ላይ ማቆም ማለት፣ በእግር ኳስ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ አንድ ኳስ እንኳ በረኛህ ጋ እንዳይደርስ እንደማድረግ ነው። ይህን የሰራ ሰው ጃፓን ሲሄድ ደረጃው ዝቅ አለ ብለው ያሙት ይሆናል። እሱ ግን ሄደ፤ ቆየም። ታዲያ ከዳተኛ የቱ ጋ ነው?

የፋሲል ደጋፊ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የኛን እንይ። በእግር ኳሱ ከ31 ዓመት በኋላ ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ያሳለፈን ማን ነው? ሰውነት ቢሻው። የአገር ልጅ። በ2014 ፖርቹጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፤ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ሄደ። ለካሜሩኑ ዋንጫ ያበቃን ደግሞ ውበቱ አባተ ነው። ፈረንጅ ስላመጣን ያለፍንበት ጊዜ አለ? ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ልጁ ለምን ከልምምድ እንደቀረ ሳይነገረው የሚገባው ሰው ነው የሚያስፈልገን።

አወያይ፦ ወደ እጅ ኳሱ እንመለስ። ፋሲል ከነማን ካነሳን እዚሁ እናነጋለን።

በረኛዋ፦ የማውቀውን ልናገር። እኛ ስንጫወት ሜዳው ሲሚንቶ ነበር። አሰልጣኛችን በጠዋት መጥተው አጥቂ መርገጥ የሌለባትን የ6 ሜትሯን መስመር በኖራ ያሰምራሉ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኖራው በጫማ ተጠርጎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ጭቅጭቅ ነው። «ረግጠሻል»፣ «አልረገጥኩም»። እኔ በር ላይ ቆሜ አጥቂዋ መስመሩን ረግጣ መግባቷን አያለሁ፣ ዳኛው የሚያየው መስመር የለውም። እኚያ ሰው የቡድኑ አሰልጣኝም፣ ሜዳ ሰሪም፣ ወጌሻም፣ ሲመሽ አስከትለው ወደየቤታችን አድራሽም ነበሩ። ስለ መከላከል አሰላለፍ የሚያስተምራቸው ሰው ግን አግኝተው አያውቁም። እኔ የውጭ ሰው ይምጣ የምለው እሳቸውን እንዲተካ አይደለም። አጠገባቸው እንዲቆም ነው።

ሂሳብ ሹሙ፦ በዶላር የሚከፈል ሰው አጠገብ ለመቆም? መጀመሪያ ወለል አንጥፉ፣ መስመሩን በቀለም አስምሩ፣ ኳስ ግዙ። የውጭ አሰልጣኝ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ቤት አለ፣ ትኬት አለ፣ አስተርጓሚ አለ። ሲባረር ደግሞ ካሳ አለ።

የማራኪ ተማሪ፦ ሌላ መንገድም አለ። ኦሊምፒክ ሶሊዳሪቲ የሚባለው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ክፍል ባለሙያ ልኮ የአገር አሰልጣኞችን የሚያሰለጥንበት ፕሮግራም አለው። ጥያቄውን የሚያቀርበው የየአገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው። እሱ ካልበቃን ግብጽን እንይ። በቶኪዮ 4ኛ ስትወጣ አሰልጣኟ ስፔናዊው ሮቤርቶ ጋርሲያ ፓሮንዶ ነበር። ግን ከዚያ በፊት፣ በ2019፣ ከ19 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ስፔናዊው የመጣው ልጆች ባሉበት ቤት ነው። እኛ ደግሞ ታዳጊ ሳናፈራ ዋናውን ቡድን ለፈረንጅ ሰጥተን ውጤት ልንጠብቅ ነው።

ጋሽ መምህር፦ ጥሩ አልክ። አይስላንድ ሕዝቧ 400 ሺህ አይሞላም። በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ግን በእጅ ኳስ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች። አሁን ደግሞ አሰልጣኝ ለዓለም ታበድራለች። ቶሪር ሄርጌይርሶን የሚባለውን ተመልከቱ፤ እሱም አይስላንዳዊ ነው። በኖርዌይ የሴቶች ቡድን ከ2001 ጀምሮ ረዳት ሆነ። ረዳት! እስከ 2009 ድረስ ከዋና አሰልጣኟ ከማሪት ብሬይቪክ ሥር ቆየ። ከዚያ ዋና ሆነና በ2012 እና በ2024 የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። እኛ ዘንድ ስምንት ዓመት ረዳት ሆኖ የሚቆይ ማን ነው? ሁለት ጨዋታ ሲሸነፍ ዋናውን እናባርራለን፣ ረዳቱንም አብረን። የተማረው ነገር ሁሉ አብሮት ይወጣል። የሚቀጥለው ሰው እንደገና ከሀ ሁ ይጀምራል።

የፋሲል ደጋፊ፦ ጋሼ፣ ደጋፊ እኮ አይታገስም።

ጋሽ መምህር፦ ዴንማርኮች ታገሱ። አሰልጣኛቸው ኒኮላይ ያኮብሰን በ2019 የዓለም ዋንጫ አነሳ። በዓመቱ በ2020 የአውሮፓ ሻምፒዮና ከምድቡ እንኳ ሳያልፍ ቀረ። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ! አላባረሩትም። በ2021፣ በ2023 እና በ2025 እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ መሃል ላይ የፓሪስን ወርቅ ጨመረ። እኛ ብንሆን በ2020 ገና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነበር የምናሰናብተው።

በረኛዋ፦ እንግዲያው እኔ እንዲህ ነው የምለው። ዋናው የአገር ልጅ ይሁን። አራት ዓመት ይሰጠው። የውጭ ሰው ከመጣ ለወራት ይምጣ፤ አሰልጣኞቻችንን ያሰልጥን። ጎንደርም ይምጣ እንጂ አዲስ አበባ ብቻ አይቀመጥ። የ6 ሜትር መስመር በኖራ የሚያሰምር ሰው ያለው እዚህ ነው።

ሂሳብ ሹሙ፦ ለወራት ከሆነ በበጀት ይቻላል። በዚህ እስማማለሁ። በአራት ዓመቱ ግን አይደለም፤ ሁለት ይበቃል።

የአዘዞ ልጅ፦ እሺ፣ ታገሱ ካላችሁ ታግሰናል። አሰልጣኝ አገር ለአገር መዞሩንም ልተወው። ግን ውሉ ውስጥ «በኦሊምፒክ ዓመት መልቀቅ አይቻልም» የሚል አንቀጽ ይግባ። ለፈረንጁም ለአገሩ ልጅም። ይሄ ካልገባ እኔ አልፈርምም።

ሂሳብ ሹሙ፦ ፈርም ያለህ አለ እንዴ?

ጋሽ መምህር፦ ተወው፣ አንቀጹ ጥሩ ነው። ግን ፌዴሬሽኑም በኦሊምፒክ ዓመት ማባረር አይችልም ብላችሁ ጨምሩበት።