ኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ወይስ ሒሳብ አያያዝ? የእህቴን የሙያ ምርጫ በተመለከተ ምክር እሻለሁ

ጥያቄ (ታላቅ ወንድም)፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ስላላመጣች፣ በአቅራቢያችን በሚገኝ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ለመመዝገብ ወስናለች። እርሷ ኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ መሠልጠን ትፈልጋለች፤ እናታችን ግን «ሴት ልጅ ከሽቦና ከመፍቻ ጋር ምን አላት» እያሉ ሒሳብ አያያዝ እንድትገባ ይወተውታሉ። ሠልጣኞች ድርጅት ገብተው ስለሚለማመዱበት ትብብር ስልጠናና ስለ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘና በቅርብ የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ታላቅ ነው።

መልስ (አሰልጣኝ)፦
በቅድሚያ ውጤቷን እንደ ውርደት አትቁጠሩባት፤ በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ የሙያ ስልጠናው 70 በመቶው በተግባር፣ 30 በመቶው በንድፈ ሐሳብ እንዲሰጥ የታሰበ በመሆኑ፣ በየትኛውም ዘርፍ ብትገባ ትርፉ የሚታወቀው እጇን የምታፍታታበት ድርጅት ሲገኝ ነው። ስለዚህ ከምዝገባ በፊት ኮሌጁን «ባለፈው ዓመት የዚህን ዘርፍ ሠልጣኞች የት የት አሰማራችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ምዘናው የንድፈ ሐሳብና የተግባር ክፍል ያለው ሲሆን፣ የሚነገረው ውጤት «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው።

መልስ (የደረጃ 4 ምሩቅ)፦
እኔም በኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ የሠለጠንሁ ሴት ነኝ። ለትብብር ስልጠና የተላክሁበት ፋብሪካ መጋዘን ሲያስጠርገኝ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ መዝገቤ ላይ ግን «የሞተር ጥገና» ተብሎ ተፈረመልኝ። ለምዘና ስቀርብ በስታር ዴልታ፣ ማለትም በዝቅተኛ ቮልት ተነሥቶ ኋላ ወደ ሙሉው በሚሸጋገር አያያዝ፣ የሚነሣ ሞተር እንድዘረጋ ታዘዝሁ። ሞተሩ ሲነሣ ጥቅልሎቹ በስታር ስለሚያያዙ እያንዳንዳቸው በ380 ቮልት ፈንታ 220 ቮልት ገደማ እንደሚያገኙ፣ ከመስመሩ የሚሳበው ከረንትም ወደ ሲሶ እንደሚወርድ በቃሌ አሳምሬ አውቅ ነበር። ነገር ግን የስታርና የዴልታ ኮንታክተሮች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) በአንድ ጊዜ ገብተው ሾርት እንዳይፈጥሩ የሚያግደውን መስመር ሳልዘረጋ ቀረሁና «ገና ብቁ አይደለሽም» ተባልሁ። በሁለተኛው ያለፍሁት አንድ አሰልጣኛችን ቅዳሜ ቅዳሜ ወርክሾፑን እየከፈቱልን ያንኑ ዝርጋታ እየፈታን ደጋግመን ስለሠራነው ነው።

ለእናትዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ፦ ዛሬ በአንድ ሕንጻ የጥገና ክፍል እሠራለሁ፤ ከመፍቻው ይልቅ የከበደኝ መሰላል ላይ ስወጣ ቆሞ የሚያየኝ ሰው ነበር፤ እርሱም በወሩ ማየቱን ተወ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድርጅቱን ራሳችን ፈልገን ማቅረብ እንችላለን?

መልስ (አሰልጣኝ)፦
ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ የኮሌጁ የትብብር ስልጠና አስተባባሪ ቦታውን አይቶ ከተስማማበት ውል ይፈራረማሉ። ከላይ እንደተነገረው የመጥረግ ነገር እንዳይገጥማት፣ የሚመድቡላትን ባለሙያ አስቀድማ ታግኘው፤ በየሳምንቱም መዝገቧ ላይ የሚሰፍረው የሠራችው ብቻ ይሁን። ትልቅ ፋብሪካ ካልተገኘም አትጨነቁ። ሰፈራችሁ ያለው ወፍጮ ቤት እንኳ በየጊዜው የሚቃጠል ሞተር አለው፤ የሚጠግነውን ሰው ቢጠይቁት ረዳት አይጠላም።