ዕድሜ ጠገብ ዛፍና አዲስ ግንባታ፦ ማን ለማን ይልቀቅ?

አወያይ፦
ጥያቄው ይኸው። ግንባታ ሊጀመር ነው። ቦታው ላይ ዘመናትን ያስቆጠረ ዛፍ አለ። የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ «ይህ ዛፍ አይነካም» የሚል አቤቱታ ያስፈርማል። ገንቢው ደግሞ «ፈቃድ በእጄ ነው» ይላል። ማን ለማን ይልቀቅ? የእኔን አቋም አልደብቅም፤ ዛፉ ይቁም ባይ ነኝ። ግን «አትቁረጡ» ብሎ መጮህ ብቻውን ዛፍ ሲያድን ብዙም አላየሁም። ስለዚህ የምትቃወሙኝን መስማት እፈልጋለሁ።

ቤት ፈላጊ፦
እኔ እቃወማለሁ። ለዓመታት ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። በአንድ ዛፍ ምክንያት የብዙ ቤተሰብ ቤት ሲዘገይ ያመኛል። ለንደን፣ ሃክኒ ውስጥ «ደስተኛው ሰው» የሚሉት 150 ዓመት ገደማ የሆነው ዛፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓመቱ ዛፍ ተብሎ ተመረጠ፤ በጥር 2021 ተቆረጠ። ያረጁ መኖሪያዎች ፈርሰው አዳዲስ ቤቶች የሚሠሩበት ቦታ ነበር። ንድፉ እንደ አዲስ ይሠራ ቢባል፣ ቤት የሚጠብቀው ሰው ምን ይበል?

ጎረቤት፦
ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል። ምሳሌህ ግን ለእኔ ሌላ ነገር ነው የሚነግረኝ። እዚያ ዘመቻው ሲጦፍ ዕቅዱ አስቀድሞ አልቆ ነበር። ዛፍ ወዳዶች ብዙ ጊዜ የምንሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ንድፉ ወረቀት ላይ ሳለ ማንም አይጠይቅም፤ መጋዙ ሲመጣ ሁሉም ይወጣል። ናይሮቢን ደግሞ እይ። እ.ኤ.አ. በ2020 በፈጣን መንገዱ መስመር ላይ መቶ ዓመት የሞላው፣ የሾላ ዘመድ የሆነ ግዙፍ ዛፍ ነበር። ሊነሳ ነው ሲባል ሰዉ ተቃወመ። ዛፉ እንዲቆይ ከፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ ወጣ። መንገዱም ተሠራ፣ ዛፉም ቆመ።

ሳይት ላይ የኖርኩ፦
«ቆመ» እና «ተረፈ» አንድ አይደሉም። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ይህን የምናገረው አፍሬ ነው። አንድ ሥራ ላይ ትልቁ ዛፍ አይቆረጥም ተባለ። ሁላችንም ደስ አለን። ግንዱን በጣውላ ሸፈንነው፤ ዙሪያውን ሪባን ወጠርን። ሪባኑ ከግንዱ ሦስት እርምጃ አይርቅም ነበር። ጥላው ደስ ስለሚል ሲሚንቶውና ብረቱ እዚያው ሥር ተከመረ። ገልባጭ መኪኖቹም የሚዞሩት እዚያው ነበር። በኋላ ለውኃ ቱቦ ቦይ ተቆፈረ። እስካቫተሩ ሥሩን ሲበጥሰው የሰማሁት ድምፅ አሁንም አይረሳኝም፤ እንደተወጠረ ወፍራም ገመድ ነው ጧ የሚለው። ሕንፃው ሲመረቅ ዛፉ አረንጓዴ ነበር። በአራተኛው ዓመት ከጫፉ መድረቅ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። መጋዝ ያነሳበት ሰው የለም፤ የገደልነው ግን እኛ ነን።

ዛፍ ተንከባካቢ፦
ጋሼ፣ ይህን በግልጽ ስለተናገሩ አመሰግናለሁ። እኔ ስለ ዛፍ ስከራከር ሰዎች ግንዱን ያዩልኛል፤ እኔ የማወራው ስለ አፈሩ ነው። ሥር እንደ ካሮት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ይመስለናል። አይደለም። አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። ከባድ መኪና ሲመላለስበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ በውስጡ የነበረው አየር ይወጣል። ሥርም ይተነፍሳል። አየር ካጣ ይታፈናል። አንዳንዴ እጄን ከዛፉ ሥር አፈር ውስጥ እሰዳለሁ፤ ያልተነካ ከሆነ ጣቶቼ ይሰምጣሉ። መኪና የተመላለሰበት ላይ ብረት እንኳ አንድ ስንዝር አይገባም። አሮጌ ዛፍ ደግሞ ስንቅ ስላለው ጉዳቱን ቶሎ አያሳይም። ያጠራቀመውን እየበላ ለዓመታት ይቆማል። መሞቱ ሲታይ ኮንትራክተሩ ሒሳቡን ዘግቶ ሄዷል።

ለዚህ ነው የእንግሊዝ መንግሥት መመሪያ ለጥንታዊ ዛፍ ሰፊ ቦታ የሚያስከልለው። የግንዱ ውፍረት በ15 ይባዛል፤ ወይም ከቅርንጫፎቹ ጫፍ 5 ሜትር ይጨመራል። ከሁለቱ የሚበልጠው ይያዛል። ግንዱ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ከሆነ፣ በየአቅጣጫው 30 ሜትር ማለት ነው።

ቤት ፈላጊ፦
እህቴ፣ ቆይ እስቲ። 30 ሜትር በየአቅጣጫው? ይህ ከሩብ ሄክታር በላይ ነው። አንድ ሙሉ ሕንፃ የሚያርፍበት መሬት ነው። ለምን አሥር ችግኝ ተክለን አንገላገልም? ደግሞ ብዙዎቹ አሮጌ ዛፎች ውስጣቸው ባዶ ነው። ነገ ቅርንጫፍ ሰው ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?

ዛፍ ተንከባካቢ፦
የቅርንጫፉ ስጋት እውነት ነው፤ አላናንቀውም። በየጊዜው ይመርመር፤ ጫፉ ይቀነስ፤ ከሥሩ መቀመጫ አይደረግ። ባዶነቱ ግን ሞት አይደለም። ዛፍ የሚኖረው ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ክፍል ነው፤ መሃሉ ቢበሰብስም ዙሪያው ይሸከመዋል። ያ ጉድጓድ ደግሞ የሌሊት ወፍ፣ የጉጉትና የስንት ነፍሳት ቤት ነው። ችግኙን ትከል፣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የ300 ዓመት ዛፍን የሚተካ ችግኝ 300 ዓመት ይፈልጋል። በኩቢንግተን፣ እንግሊዝ፣ ከ250 ዓመት በላይ የቆየ የዱር ፒር ዛፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ለፈጣን ባቡር መስመር ተቆረጠ። ቅርንጫፎቹ ተወስደው ችግኝ ሆነዋል። ዘሩ ቀጠለ፤ ዛፉ ግን የለም።

ጎረቤት፦
ስለ ክልሉ ስፋት አንድ ነገር ልጨምር። የዛፍ ተሟጋቿ ጁሊያ ሂል ካሊፎርኒያ ውስጥ «ሉና» የተባለውን ግዙፍ የሬድውድ ዛፍ ከመቆረጥ ለማዳን 738 ቀን ላዩ ላይ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ስትወርድ እሷና የመሬቱ ባለቤት ኩባንያ የተስማሙት ስለ ዛፉ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው 60 ሜትር ያህልም እንዳይነካ ተዋዋሉ። ሁለት ዓመት ከፍ ባለ ቦታ ሆና የታገለች ሴት መሬቱን አልረሳችም።

ሳይት ላይ የኖርኩ፦
ቤት ፈላጊው ያነሳው ግን መልስ ይገባዋል። የተከለለው መሬት ባዶ ይቀመጥ የሚል የለም። ለማንኛውም የመኖሪያ ግቢ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ሜዳውን እዚያ አድርጉት። ሲሚንቶ አይፍሰስበት፣ አፈር አይደልደልበት፣ መኪና አይቁምበት። ቱቦው የግድ በዚያ ማለፍ ካለበት ከሥሮቹ በታች በአግድም ይበሳ፤ ማሽኑ አለ። ያጣነውን ስፋት አንድ ወለል ወደ ላይ በመጨመር መመለስ ይቻል ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ንድፉ ሳይጸድቅ ነው። ከጸደቀ በኋላ እያንዳንዱ ሜትር ጠብ ነው። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው መስመር በፊት ዛፉን ለክቼ፣ ክልሉን ፕላኑ ላይ እንደ ግድግዳ አሰምረው ነበር። አጥሩም ሪባን ሳይሆን ብረት፣ መጀመሪያ የሚተከለውም እሱ።

አወያይ፦
ቤት ፈላጊ፣ ይህ ያሳምንሃል?

ቤት ፈላጊ፦
በግማሽ። ወደ ላይ የሚጨመረው ወለል ወጪውን ማን ይሸፍናል? ዞሮ ዞሮ የቤቱ ዋጋ ላይ ከተጫነ ዛፉን የገዛሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። የቤቱ ቁጥር ሳይቀንስ፣ ዋጋውም ሳይጨምር የሚሠራ ንድፍ አሳዩኝና አቤቱታው ላይ ከእናንተ ጋር እፈርማለሁ። እስከዚያው አልፈርምም።

ጎረቤት፦
ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሜትር ይዘን ሄደን ግንዱን እንለካና በልኩ እንነጋገር። ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡልን።