ጥር 1948 ወይስ 1956?

ጥያቄ፦ የአባቴ የክርስትና ወረቀት «ወልደ ሚካኤል፣ ናዝሬት፣ ጥር 10 ቀን 1948» ይላል። ፓስፖርቱ ግን «ታደሰ፣ አዳማ፣ 1956» ነው። የአባት ስም አንድ ነው። ሁለት ሰው ይሆኑ?

መልስ 1፦ ናዝሬትም አዳማም ያው ናት፤ ወልደ ሚካኤልም የክርስትና ስም ነው። ዓመቱን በተመለከተ፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ይደመራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ጥር 1948 እንግዲህ በፈረንጆቹ 1956 ነው። ሁሌ 8 የሚደምር ጸሐፊ የጥቅምትን ልጅ በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል።

መልስ 2፦ ቆይ፣ ጥር 10 የተወለዱበት ነው ወይስ የተጠመቁበት? ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው ክርስትና የሚነሡት። የጥምቀት ቀን ከሆነ ልደቱ ታኅሣሥ 1 ገደማ ይውላል፤ ያ ደግሞ 1955 ነው።

መልስ 3፦ ስም ብቻ አይበቃም። የእናትና የክርስትና አባት ስም አመሳክሩ።