እማዬን ከቡና ጎረቤቶቿ እንዴት ላርቃት?

የጉለሌዋ፦
ሰላም ናችሁ? እስቲ ምከሩኝ። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት አባወራ ነን፣ ሁላችንም የቀበሌ ቤት። ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱም አንድ። እናቴ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። መጋቢት 30 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ በስንት ልመና ከግቢ መውጣት ተወች። የፋሲካን ቅዳሴ እንኳ በቴሌቪዥን ነው የተከታተለችው፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቆማ። «አረፍ በይ እንጂ እማዬ» ብላት፣ «በቅዳሴ መሀል?» ብላ ተቆጣችኝ።

ቡናው ላይ ግን አልቻልኳትም። ከሰዓት ጀበናው ሲጣድ ጎረቤቶች ይመጣሉ። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ነው የሚቀመጡት። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል ስላት፣ «እኛ ቡና ነው የምንጠጣው፣ ምን ስብሰባ አለን?» ትላለች።

የአንዷ ልጅ የታክሲ ረዳት ነው። ታክሲው በግማሽ ቢጭንም፣ ታሪፉ እጥፍ ቢሆንም፣ ልጁ ቀኑን ሙሉ ከሰው እጅ ብር ሲቀበል ነው የሚውለው። ይህን አፍ አውጥቼ ብናገር ጠብ ነው። መኮራረፉ ደግሞ አያዋጣኝም። እኔ ሥራ ውዬ ነው የምገባው፤ ውኃው በፈረቃው ሲመጣ ጄሪካናችንን የሚሞሉልን እነሱ ናቸው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ልጆቼንም በዓይናቸው የሚጠብቁልኝ እነሱው ናቸው።

እናንተ ቤት እንዴት አደረጋችሁ?

አብሮ አደግ፦
እህቴ፣ ቡናውን አትከልክያቸው፣ ወደ ደጅ አውጪው። እኛ ግቢ እማማዎቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው በር ላይ በርጩማ አድርገው ነው የሚጠጡት። ስኒም ከየቤቱ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ይጮኻሉ፤ ሐሜቱን ሰፈር ሁሉ ይሰማዋል። እሱን ቻሉት እንግዲህ!

ጤና ጣቢያ፦
ደጅ መሆኑ ጥሩ ነው። አንድ ሳህን ውኃ ውስጥ የሁሉንም ስኒ መዘፍዘፍ ግን ይቅር፤ በሳሙና፣ በሚፈስ ውኃ ይታጠብ። ሌላው ነገር፣ እናትሽ የስኳር መድኃኒታቸው እንዳያልቅባቸው። ሰው ኮሮናን ፈርቶ ክትትሉን እየተወ ነው፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። የሚያክማቸውን ሰው ለረዘም ያለ ጊዜ የሚሆን መድኃኒት እንዲያዝላቸው ጠይቂው። ትኩሳት ወይም ሳል ካለ በኮሮናው የስልክ መስመር 8335 ደውሉ።

ሐዋሳ ነኝ፦
እኔ ጨርሶ ይቅር ባይ ነኝ። ደጅ ይጀምራሉ፣ ወሬው ሲሞቅ በርጩማው ይቀራረባል። የእኔ እናት እኔን ሰምታኝ አታውቅም። የንስሐ አባቷ በስልክ «ቤትሽ ሆነሽ ጸልዪ፣ ሰውም አትሰብስቢ» ሲሏት ግን በማግሥቱ ተወችው። እስኪ በዚያ በኩል ሞክሪ።

የጉለሌዋ፦
ተባረኩ። የደጁን ዛሬ ጀመርን። እማዬ «እንደ ለማኝ በየበሩ አስቀመጣችሁን» ብላ አጉረመረመች፣ ግን ተቀመጠች። የረዳቱ እናት ማንም ሳይነግራቸው የራሳቸውን ስኒ ይዘው ወጡ። ለካ ልጃቸው ራሱ «ከሰው ራቅ በይ» እያለ ሲጨቀጭቃቸው ነው የከረመው። እኔ ደግሞ እንዴት ብዬ ልናገር እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ! ለንስሐ አባቷም እደውላለሁ፤ ስለ መድኃኒቱ ደግሞ የሚያክማትን ሰው እጠይቃለሁ።

አሁን የጨነቀኝ ክረምቱ ነው። ታዛ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው። ሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ሁሉም እዚያ ሥር ሊሰበሰቡ ነው።

አብሮ አደግ፦
ሸራ ወጥሩ። ለቅሶ እንደ ድሮው የሚቀመጥ የለ፣ የዕድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ ተቀምጦ የለም እንዴ?

የጉለሌዋ፦
እማዬን አታውቃትም። «በቁሜ ድንኳን ጣሉብኝ» ብላ ለሰፈሩ ታወራብኛለች። ላስቲክ እገዛለሁ።