እርጉዝ እህቴ ማረሚያ ቤት ናት፣ ክትትሏን እንዴት ላድርግ?

ሰኒ_የአዋሬዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ታናሽ እህቴ የቀጠሮ እስረኛ ሆና ማረሚያ ወርዳለች፣ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ሳትታሰር ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ክትትል ጀምራ ነበር አሁን ግን ሁለት ቀጠሮ አለፋት። ግቢው ውስጥ ክሊኒክ አለ፣ አልትራሳውንድ ግን የለም፣ ሪፈር ፅፈውላት ወረቀቱ ተጣጥፎ ኪሷ ውስጥ ሦስት ሳምንቱ፣ አንዴ አጃቢ የለም አንዴ መኪና የለም። እሁድ ልጠይቃት ስሄድ በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው፣ እግሯ አብጦ ጫማው አልገባ ብሏት፣ እሷ ደግሞ ትስቃለች። ከውጭ ሐኪም ይዤላት መግባት እችላለሁ? አይረን (የደም ማነስ ክኒኑን) ገዝቼ ብወስድ ይቀበሉኛል?

ነርስ_ነኝ፦
እህቴ አይዞሽ። ማረሚያ ክሊኒክ አራት አመት ሰርቻለሁ። የእግር እብጠት ብቻውን እርግዝና ላይ ያለ ነው፣ ግን ራስ ምታት ወይ የአይን ብዥታ ካላት ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ግፊቷን ዛሬውኑ ይለኩላት፣ 140/90ና ከዛ በላይ ከሆነ በድንገተኛ ነው መውጣት ያለባት። ሌላው፣ እኛ ጋ የሚወጡ ታካሚዎች ስም ዝርዝር የሚሰራው በዋዜማው ነበር፣ ጠዋት በር ላይ "ቀጠሮ አለኝ" ማለት ዋጋ የለውም። ካርዷን ኮፒ አድርገሽ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ ለክሊኒኩ ስጪ፣ ከዛ ዝርዝሩ ላይ ገብታለች ወይ ብለሽ ደውይ፣ አሰልቺያቸው። መድሃኒት ስንቅ ውስጥ ደብቀሽ እንዳትሞክሪ፣ ፍተሻ ላይ ነው የሚቀረው፣ በክሊኒኩ በኩል አስመዝግበሽ አስገቢ።

ጠበቃው፦
ህገ መንግስቱ አንቀፅ 21 ላይ እስረኛ ከሚያገኛቸው ሰዎች መሀል ሐኪሙን ለይቶ ጠርቶታል፣ ስለዚህ ሐኪም ላስገባ ብለሽ በፅሁፍ ጠይቂ፣ በቃል ብቻ ከሆነ ይረሳል። ደግሞ የቀጠሮ እስረኛ ስለሆነች ችሎት ስትቀርብ ራሷም ብትሆን ለዳኛው ታመልክት፣ ሪፈሩን አያይዛችሁ ማረሚያ ቤቱ እንዲያሳክማት ትዕዛዝ ጠይቁ፣ ቅጂው እጅሽ ላይ ይኑር።

የፍቅር_እናት፦
የኔ እናት እኔ ታስሬ ነው የወለድኩት። ሆስፒታል ምጥ ላይ ሆኜ አንድ እጄ ካልጋው ብረት ጋር ታስሮ ነበር፣ አዋላጇ ናት ጮሃ ያስፈታችልኝ። በተመድ የባንኮክ ደንቦች (ስለ ሴት እስረኞች አያያዝ 2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው) ይሄ ክልክል መሆኑን ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። ሌላ ደግሞ ሞዴስ አብዝተሽ ላኪ፣ አሁን እርጉዝ ናት አትበይ፣ ከወሊድ በኋላ ያስፈልጋታል። እስከዛ ለሌሎቹ ትሰጣለች፣ እኛ ክፍል ጠያቂ የሌላት ሴት አሮጌ ነጠላ ቀዳ ነበር የምትጠቀመው።

ሰኒ_የአዋሬዋ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ካርዱን ኮፒ አድርጌ ሰጠሁ፣ ግፊቷንም ለክተውላታል 130/80 ነው አሉኝ። ሐሙስ ትወጣለች ብለዋል፣ ረቡዕ ከሰአት እደውላለሁ። ሞዴሱን አራት ፓኬት ገዛሁ፣ ይበቃል?

የፍቅር_እናት፦
ስምንት አድርጊው።