«ደረቅ» ባትሪ እስኪመጣ ልጠብቅ ወይስ ልግዛ?

ቪትዝ ነጂ (አዲስ አበባ)

ሰላም ወገኖች። ስምንት ዓመት የነዳኋትን ቪትዝ ሸጬ ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስለቆመ፣ ሰፈራችን ውስጥ ቻርጀር ያላሰቀለው እኔ ብቻ ልሆን ምንም አልቀረኝም።

የሚስቴ ወንድም ግን «ቆይ፣ አትቸኩል» ይለኛል። ባትሪ «በደረቅ አሠራር» ሊመረት ነው አሉ። ዋጋው ይወርዳል፣ የዛሬው ባትሪ እንደ ካሴት የሚፈልገው ያጣል ይላል። እውነት ነው? ነው ወይስ ከዩቲዩብ የለቀመው ወሬ ነው? ብሬ ባንክ ተቀምጦ ዋጋ ከሚያጣ ብገዛ አይሻልም?

የድሮ ሰው

ደረቅ ባትሪማ ድሮም ነበረን። ድንጋይ ነበር የምንለው። ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። እምቢ ካለ በጥርስ ነከስ አድርገን ሬድዮው ውስጥ እንመልሰዋለን።

ኮቲንግ ክፍል (ጀርመን)

ወንድሜ፣ የሚስትህ ወንድም ካሴት ማለቱ ገረመኝ። ሶኒ በፈረንጆቹ 1991 የመጀመሪያውን የሊቲየም አዮን ባትሪ ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ የቀቢነቱን ሙያ ያመጣው ከካሴት ክር ማምረቻው ነበር። ረጅም፣ ስስ ነገር ላይ ጥቁር ነገር ቀብቶ ማድረቅ። እኔም እዚህ አንድ የባትሪ ሴል ፋብሪካ ውስጥ የምሠራው ያንኑ ነው።

እናቴ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ስትለኝ «እንጀራ መጋገር» እላታለሁ። ባትሪው ውስጥ ኃይል የሚያጠራቅመው ዱቄት በማሟሚያ ፈሳሽ ይበጠበጥና ጥቁር ሊጥ ይሆናል። ሊጡ በሚሮጥ የአሉሚኒየም ፎይል ላይ ይፈሳል። ፎይሉ 15 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከፀጉር በብዙ ይቀጥናል። ከዚያ ብዙ አስር ሜትር የሚረዝም ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። አንድ ልዩነት ብቻ አለ። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ እሰየው ነው። እዚህ ግን ሊጡ ውስጥ አየር ቀርቶ ዓይን ካወጣ ያ ክፍል ይጣላል። ሌሊት ፈረቃ ላይ ካሜራው አንዲት ዓይን ሲይዝ የሚጮኸው ጩኸት ቤቴ ተኝቼም ይሰማኛል።

ጣጣው ያለው ማሟሚያው ላይ ነው። ኤንኤምፒ ይባላል። ባትሪው ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ሥራ የለም። ሊጡን ለማቅጠን ብቻ እንጨምረዋለን፣ ወዲያው ደግሞ በእሳት እናባርረዋለን። የሚፈላው በ200 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቶሎ አይወጣም። ለፅንስም አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ትነቱ አይለቀቅም፣ ተይዞና ቀዝቅዞ ተመልሶ ይጠራቀማል። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ከዚያ ክፍል አውጥተው ወረቀት ሥራ ላይ ያስቀመጡኝ በእሱ ምክንያት ነው። የመብራት ወጪያችንም ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ማድረቂያውና እርጥበት የማይገባባቸው ክፍሎች ናቸው።

ደረቁ አሠራር ይህን ምድጃ ነው የሚያስቀረው። ዱቄቱ ላይ ትንሽ የቴፍሎን ዱቄት ይጨመራል፤ ያ የማያጣብቀው መጥበሻ ላይ ያለው። አብሮ ሲታሽ ቴፍሎኑ ክር ያወጣል። ጥጥ ሲፈተል ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በዓይን የማይታዩት ክሮች ዱቄቱን እርስ በርሱ ያስሩታል። በጋሉ ሮለሮች መካከል ሲያልፍ እንደ ጨርቅ ሆኖ ይወጣል፤ ፎይሉ ላይ ይለጠፋል፣ አለቀ።

አለቀ ስል ግን ለወሬ ነው። ቴስላ ማክስዌል የሚባለውን ኩባንያ በ2019 ገዝቶ ሙያውን ወሰደ፣ በ2020 በትልቅ ዝግጅት አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ካቶዱ፣ ማለትም የባትሪው ፖዘቲቭ ወገን፣ ዓመታት አስለቀሰው። ዱቄቱ ጠጣር ከመሆኑ የተነሳ የብረት ሮለሩን ይሰረጉደው ነበር። ቮልስዋገን ደግሞ በ2023 ከአንድ ነባር የማተሚያ ማሽን ሠሪ ጋር ተዋዋለ። አዎ፣ የጋዜጣ ማተሚያ! ያሰቡት ወደ 30 በመቶ ጉልበትና 15 በመቶ ቦታ ለመቆጠብ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ለውጡ የሚታየው ፋብሪካው ውስጥ እንጂ መሪህ ፊት አይደለም። ዋጋ ደግሞ እሱን ሳይጠብቅ ወርዷል። በፈረንጆቹ 2010 የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። የባትሪ ዋጋ የሚያጠናው ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ በ2024 አማካዩን 115 ዶላር ብሎታል። ይሄ ሁሉ የወረደው በዚሁ በእርጥቡ ሊጥ ነው። እኔ ብሆን እገዛለሁ።

ጋራዥ ያለኝ (ቃሊቲ)

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ግን መኪናውን ከሥር ሆኜ ስለማየው አንድ ነገር ልጨምር። ለእኛ ለጠጋኞች ትልቁ ለውጥ ሊጡ ሳይሆን አገጣጠሙ ነው።

ድሮ ሴሎቹ፣ ትልቁን ባትሪ የሚሠሩት ነጠላ ባትሪዎች፣ በሳጥን በሳጥን ነበር የሚታሰሩት። አንዱ ሳጥን ቢበላሽ ያንን ፈትተህ ትለውጣለህ። አሁን አንዳንዶቹ ሳጥኑን አስቀርተውታል። የቻይናው መኪና ሠሪ የቢዋይዲ ብሌድ የሚባለው ባትሪ፣ በፈረንጆቹ 2020 የወጣው፣ አንዱ ሴል 96 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ቀጭን እንደ ጣውላ። ጎን ለጎን ተደርድረው በሙጫ ይያያዛሉ። ቦታ ይቆጥባል፣ ይረክሳል፣ ጠንካራም ነው፤ አልክድም። ግን ከመሀል አንዱ ቢሞትስ? ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ጎርፍ ያወጣው ድንጋይ ላይ ሆዷን አስመትቶ መጣ። የሞተው አንድ ሴል ነው። ሙጫውን በስንት መከራ ስፋቀው ጎረቤቱን ሴል እንዳልበሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ እቀበላለሁ ብዬ አልዋሽም።

ስለዚህ ቪትዝ ነጂ፣ የሞተር ድምፅ እንደምታዳምጠው እዚህ አታዳምጥ፣ ድምፅ የለም። ሊፍት ላይ አስወጣትና ሆዷን እይ። የተጫረ ይሁን፣ የገባ ግን አትግዛ። ከዚያ እያንዳንዱ ሴል ስንት ቮልት እንዳለው በኮምፒውተር አስነብብ። ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ካለ ዋጋ አትከራከር፣ ተመለስ።

ቪትዝ ነጂ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሻጩ የሚለኝ «ባትሪው ኦሪጅናል ነው» ብቻ ነው። ኤልኤፍፒ ይሁን ሌላ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ኮቲንግ ክፍል (ጀርመን)

የመኪናዋን መጽሐፍ አይተህ ለይ። ኤልኤፍፒ ብረትና ፎስፌት ነው፤ ኒኬልና ኮባልት የለበትም፣ ሙቀትም ይችላል። እሱ ከሆነ አልፎ አልፎ እስከ 100 ድረስ ሙላት። ቮልቴጁ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለሚመስል፣ ካልሞላሃት መኪናዋ ራሷ ስንት እንደቀራት በትክክል አታውቅም። 20 በመቶ አለኝ ብላ መንገድ ላይ ታቆምሃለች።

ቪትዝ ነጂ

ነገ ጠዋት ሊፍት ላይ ላወጣት ነው። የሚስቴን ወንድም ይዤው እሄዳለሁ፤ የሊፍቱን ሒሳብ እሱ ይክፈል።

የድሮ ሰው

ቪትዟን ስንት አልካት?